አንበሳውን አስወጡ፣ መጁን አስገቡ፦ ሀገር መውደድን በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ በዘይቤ የመግለጽ አሠራር

ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ አንበሳ ይበዛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። የካቲት 23 ሲቃረብ፣ ኋላም ሚያዝያ 27 ሲደርስ፣ ተማሪዎችም ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ጀማሪ ጸሐፊዎችም አጫጭር ልብ ወለዶቻቸውን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። አርበኛው እንደ አንበሳ ያገሳል፤ እንደ ነብር ይወረወራል፤ አጥንቱን ይከሰክሳል፤ ደሙን ያፈሳል። ሀገሩ እናቱ ናት። ባለፈው ዓመት በአንድ ታሪክ ውስጥ ብቻ ሰባት አንበሳ ቆጥሬአለሁ። ታሪኩ አራት ገጽ ነበር።

ጸሐፊዎቹ ሀገራቸውን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። ግን የወደዱትን ነገር ቀርበው ሳያዩ ይጽፉታል፤ ሌላ ሰው ያየውን፣ ያውም ከሰባ ከሰማንያ ዓመት በፊት ያየውን፣ ይደግሙታል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ሀገሯን መውደዷ የሚታየው በእጇ የያዘችውን ዕቃ በምትይዝበት መንገድ ነው፤ ዘይቤውም ከዚያው ከእጇ መውጣት አለበት። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ይህንን የምሠራበትን መንገድ ነው።

እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ ይዘን እንዘልቃለን። ዘመኑ ጣሊያን ሀገራችንን ይዞ የቆየበት አምስቱ ዓመት ነው። ቦታው መንዝ፣ ማማ ምድር ውስጥ ያለ አንድ መንደር። ባለታሪኳ ባሏ «ዱር ቤቴ» ብሎ የወጣባት፣ ገና ልጅ ያልወለደች ሴት ናት። ሌሊት ሌሊት ለባሏና ለጓደኞቹ በሶ ትፈጫለች። ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ የጠላት ምሽግ አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አያስፈልገንም።

አንደኛ፦ ስድስት ቃል ሰርዙ

መጀመሪያ እንደመጣላችሁ ጻፉ። ስትጨርሱ ቀይ እስክሪብቶ አንሡና እነዚህን ስድስት ቃላት ባገኛችሁበት ሁሉ ሰርዙ፦ ሀገር፣ እናት፣ ባንዲራ፣ ደም፣ አጥንት፣ አንበሳ። ቃላቱ መጥፎ ሆነው አይደለም። ጸሐፊውን ሥራ ስለሚያስፈቱት ነው፤ እነሱ ካሉ አንባቢው ምን ሊሰማው እንደሚገባ አስቀድሞ ተነግሮታልና ጸሐፊው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የእኛ ታሪክ የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ነው እንበል፦

«‹ሀገሬ እናቴ ሆይ! ደሜን አፍስሼ፣ አጥንቴን ከስክሼ አስከብርሻለሁ› እያለች እንደ አንበሳ በሚያገሳ ልብ ለአርበኞች ስንቅ ታዘጋጅ ነበር።»

ስድስቱን ቃላት ስትሰርዙ ምን ይተርፋል? «ለአርበኞች ስንቅ ታዘጋጅ ነበር» የሚለው ብቻ። ታሪኩ እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከአንበሳው ጩኸት የተነሣ አልተሰማም እንጂ። ስንቁ ምንድን ነው? በምን ተዘጋጀ? ማን ወሰደው? አሁን የሚጻፍ ነገር ተገኘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «አጥንቱን ከሰከሰ» የሚለው አባባል በመጀመሪያ ያለው ሰው ትልቅ ባለቅኔ ነበር። ዛሬ ግን ከአፍ ብዛት የተነሣ እንደ አሮጌ ሳንቲም ፊቱ ተፍቆ ጠፍቷል። ከሞት ማስነሣት የምትፈልጉ ከሆነ አንድ መንገድ አለ፤ ቃሉን እንደ ቃሉ ውሰዱት። አንድ ገበሬ ከጦርነቱ በኋላ ሲያርስ ማረሻው አንድ ነገር ነካ። ጎንበስ ብሎ አየ። አጥንት ነው፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም። በሬዎቹን አቆመ፤ ጥቂት ቆየና ሞፈሩን አንሥቶ በዚያ ቦታ ዙሪያውን አረሰ። በየዓመቱም ያንን አንድ ክንድ መሬት ሳይነካ ያልፈዋል። ጎረቤቶቹ ለምን እንደሆነ አይጠይቁትም። እንዲህ ስትጽፉት የተሰረዘው ቃል በክብር ይመለሳል።

ሁለተኛ፦ ዕቃውን በስሙ ጥሩ

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ገጸ ባሕርይዋ በቀን ውስጥ የምትነካቸውን ሃያ ነገሮች ጻፉ፤ «የቤት ዕቃ» ወይም «የባህል ልብስ» የሚባል ጅምላ ስም አይፈቀድም። ለእኛ ሴት የሚመጡልኝ እነዚህ ናቸው፦ ወፍጮ፣ መጅ (ወፍጮው ላይ የሚገፋው የእጅ ድንጋይ)፣ ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ወንፊት፣ አቁማዳ፣ ገብስ፣ ጋን፣ እንዝርት፣ ባና። ከስሙ ቀጥሎ ደግሞ ዕቃው ምን እንደሚደረግ ጻፉ፤ ዘይቤ ከስም ይልቅ ከግሥ ስለሚወለድ ነው። ወፍጮ ሲደንዝ ይወቀራል፤ አዲስ የተወቀረ ወፍጮ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አሸዋ ይተፋል። የበግ ጸጉር ይሸለታል፣ ይባዘታል፣ ይፈተላል፣ ከዚያ ተሸምኖ ባና ይሆናል። ከእነዚህ ግሦች በአንዱ ብቻ ሙሉ ታሪክ መቆም ይችላል።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ሥራ የታደለ ቦታ ነው፤ የግማሽ ቀን መንገድ ስትሄዱ ዕቃውም ቃሉም ይለወጣል። ታሪካችሁን ከመንዝ አንሥታችሁ ሸዋ ሮቢት ካወረዳችሁት ባናውና ውርጩ ይቀርና ሴትየዋ ማሽላ ጠባቂ ትሆናለች፤ ከፍ ያለ ማማ ላይ ቆማ ወንጭፍ ይዛ ወፍ ታባርራለች። ያ ወንጭፍ ራሱን የቻለ የሀገር መውደድ ምስል ነው። መርሐቤቴ ከሆነ የጀማ ገደል አለ፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ውኃ የሚቀዳ ሰው ጉልበት አለ። የደጋውን ዕቃ ቆላ ላይ ያስቀመጠ ጸሐፊ ግን «ለሀገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ» እንደሚባለው ይሆናል፤ አንባቢው ወዲያው ያውቅበታል።

የማታውቁትን ነገር አረጋውያንን ጠይቁ፤ አጠያየቁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «በጣሊያን ጊዜ እንዴት ነበር?» ካላችሁ በሬዲዮ የምትሰሙትን መልሳችሁ ትሰማላችሁ፤ ሽማግሌውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግር ያደርጋሉ። «ስንቁ በምን ይቋጠር ነበር? ሌሊት ሲወጣ ውሻ አይጮህም ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘመኑን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም፤ ከእናቱ የሰማ ግን አለ፤ ከእናት የተሰማ ነገር ደግሞ ስለ ውሻውና ስለ ቋጠሮው ነው።

እኔ በዚህ ዓይነት ጥያቄ ያገኘሁት ዋና ነገር ይህ ነው። ሌሊት መፍጨት የሴት ወግ ነበር፤ ማንም አይጠረጥርበትም። የሚያስጠረጥረው የድምፁ ርዝመት ነው። ባል ቤት የሌለ፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ለማን ነው እስከ ዶሮ ጩኸት የምትፈጨው? ታሪኬን ያገኘሁት ከዚህች ጥያቄ ነው።

ሦስተኛ፦ ዘይቤውን ለሥራው ምረጡ

የትምህርት ቤት መጻሕፍት ዘይቤዎችን ተራ በተራ ይዘረዝራሉ። ሁሉንም በአንድ ታሪክ ውስጥ ማስገባት ግን ግዴታ አይደለም። የትኛው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይበቃል።

ተነጻጻሪ ዘይቤ በ«እንደ»፣ በ«ይመስል»፣ በ«ያህል» ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያቆማል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚነጻጸርበት ነገር ገጸ ባሕርይዋ ከምታውቀው ዓለም ይምጣ። የመንዝ ሴት አንበሳ አይታ አታውቅም። ወፍጮ ግን ታውቃለች፦ «ልቧ እንደ አዲስ የተወቀረ ወፍጮ ሻካራ ሆኖ አደረ፤ የገባበትን ሁሉ ይፈጫል።» ጀግና ናት አላልንም። ሻካራ ናት አልን፤ ይሻላል።

ተለዋጭ ዘይቤ «እንደ»ን ጥሎ አንዱን ነገር ሌላ ያደርገዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «መጁ የእሷ ምንሽር ነበር» ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ እኔም በመጀመሪያው ረቂቅ ጽፌዋለሁ። አባባሉ ግን አንባቢውን እጁን ይዞ «አየህ? ገባህ?» ይለዋል። ለውጡን በግሡ ውስጥ ደብቁት፦ «ባሏ ምንሽሩን ይዞ ወጣ፤ እሷ መጇን ጨበጠች። በዚያ ሌሊት ሁለቱም ሲተኩሱ አደሩ።» «ተኮሰ» የሚለው ግሥ ብቻውን ሁለቱን ሰዎች አንድ ግንባር ላይ አሰለፋቸው። ማብራሪያ የለም።

ሰውኛ ዘይቤ ግዑዙን ሰው ያደርጋል። «እናት ሀገር» የሚለው አባባል የዚህ ዘይቤ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ «ምን ዓይነት እናት?» ብላችሁ ጠይቁ። ደጋው ላይ የምትኖር እናት አብልታ የምታጠግብ፣ ደረቷ ላይ አስተኝታ የምታሞቅ አይደለችም። ገብሱ ሊያሽት ሲል ለውርጭ ትሰጠዋለች፤ በልግ ታስቀራለች፤ ብርዷ አጥንት ይሰብራል። ልጆቿ ግን አይሸጧትም። የሸዋ ደጋ ሀገር መውደድ ልዩ የሚሆነው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ለማታበላው መሬት ነው የሚሞትላት። ይህ አያዎ ነው፤ እርስ በርሱ የሚጋጭ፣ ግን እውነት የሆነ ነገር። «ያ መሬት አንድም ዓመት አጥግቧቸው አያውቅም፤ እንግዳ ሊወስደው ሲመጣ ግን ሁሉም የጠገቡበት ይመስል ተቆጡ።» አንድ ሙሉ ታሪክ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ብትሠሩ እኔ ደስ ይለኛል።

ግነት ቤቱ ፉከራ ነው። ፎካሪ ሲያጋንን ማንም «ውሸታም» አይለውም፤ ወጉ ነው። ተራኪው ሲያጋንን ግን አንባቢው ይሸሻል። ስለዚህ ግነቱን በገጸ ባሕርይው አፍ አድርጉት፤ ተራኪው ደግሞ መሬት ይርገጥ። ባሏ አንድ ሌሊት ስንቅ ሊወስድ ተደብቆ መጣ፤ ጠላ ቀማመሰና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሹክሹክታ ፎከረ፦

ምንሽሬን ሳነሣ ጉሙ ተከፈለ፣
ጋራው ጎንበስ ብሎ እለፍ ጌታው አለ።

ቀጥሎ ተራኪው ይገባል፦ «ፎክሮ ሲቀመጥ ሱሪው ጉልበቱ ላይ እንደተቀደደ አየች። መርፌዋን ፍለጋ ተነሣች።» በሹክሹክታ የሚፎከር ፉከራና የተቀደደ ጉልበት አንድ ላይ ሲመጡ ጀግናው አያንስም፤ ሰው ይሆናል። ጋራውን ካስጎነበሰው ሰው ይልቅ ሱሪው የተቀደደውን ሰው ነው የምናምነው።

ምጸት ለዚህ ርእስ የተፈጠረ ዘይቤ ነው፤ የተያዘ ሕዝብ የልቡን በግልጽ መናገር ስለማይችል። ታሪክ ራሱም አንዳንዴ ምጸተኛ ነው። የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት ደግሞ በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ቀኑ ያው ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ የምታልፉበት የጣርማ በር ዋሻም እንዲሁ ነው፤ በወረራው ዘመን የተፈለፈለ መንገድ፣ ዛሬ የአርበኛው የልጅ ልጅ ወደ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሊያመጣ በመኪና ያልፍበታል። ይህንን ዋሻ በታሪካችሁ ውስጥ ብታስገቡት ወደ አንድ ወገን አትጎትቱት። ጨለማውንም መውጫውንም አሳዩና ዝም በሉ።

ሰምና ወርቅን ሳላነሣ አላልፍም፤ የእኛ ሰው ምጸት ብዙ ጊዜ በዚህ ልብስ ነው የሚወጣው። ባንዳው ወታደሮች አስከትሎ ሴትየዋ ቤት ገባ እንበል፤ ጠጅ አምጪ አላት። እንዲህ አለችው፦

ጋኖቹን ብትከፍቱ፣ ምን አለ ከእኛ ቤት፤
ከዳር እዳር ጠላ፣ ጠጅስ መች አለበት።

ሰሙ ግልጽ ነው፤ ጋኑ ሁሉ ጠላ ነው፣ ጠጅ የለም። ወርቁ ደግሞ «ሰዉ ከዳር እስከ ዳር ጠልቷችኋል» ይላል። ጠላን ከጠላ ማጋጠም የእኔ ግኝት አይደለም፤ ጥንትም የተባለበት ነው። ጥሩ ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሰሙንም ወርቁንም አብሮ የሚይዝ ቃል፣ የሚያደርገው ግን በሁለቱም ትርጉም «ላ» መጥበቁ ነው። አንዱ የሚጠብቅ፣ ሌላው የሚላላ ቢሆን ጽሑፍ ላይ ያምራል፤ በአፍ ሲነገር ግን ይከዳችኋል፤ «ገና» ብሎ በዓሉን ከ«ገና ነው» ጋር ለማጋጠም የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ፣ ቅኔውን ፈትታችሁ አታቅርቡ። እዚህ የፈታሁት መመሪያ ስለሆነ ነው። በታሪኩ ውስጥ ባንዳው ስቆ ጠላውን ይጠጣ፤ አብሮት ከመጡት አንዱ ግን ዋንጫውን ሳይቀምስ ያስቀምጥ። አንባቢው ማን እንደገባው ያያል።

እንቶኔ፣ ማለትም የሌለውን ወይም የማይሰማውን ነገር «አንተ»፣ «አንቺ» ብሎ ማናገር፣ በአብዛኛው «ሀገሬ ሆይ!» በሚለው ተበላሽቷል። «ሆይ»ን ጣሉና ቅርብ ያለውን ነገር አናግሩ፦ «ቀስ በል አንተ፤ ይሰሙሃል፣ አለችው መጁን።»

አራተኛ፦ አንድ ምስል፣ ሦስት ጊዜ

አጭር ልብ ወለድ ጠባብ ቤት ነው፤ አሥር ምስል አያስተናግድም። አንዱን ምረጡና ሦስት ጊዜ አምጡት፤ በመጣ ቁጥር ትርጉሙ ይለወጥ። በእኛ ታሪክ የተመረጠው የወፍጮው ድምፅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ተራ ድምፅ ይሁን፤ አማቷ በጠዋት «ትናንት ሌሊት ጥሩ ፈጨሽ» ይሏታል፣ አለቀ። ሁለተኛው ጊዜ ድምፁ አደጋ ይሆናል። ሦስተኛው ላይ ድምፁ የለም፤ መንደሩ ሌሊቱን ጸጥታውን ሲሰማ ያድራል። ያኔ ወፍጮው ምልክት ሆነ ማለት ነው። ምልክት ከደጅ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ቤት ውስጥ የነበረ ዕቃ ውሎ አድሮ የሚሆነው ነገር ነው።

ሁለተኛውን ቦታ እንዴት እንደጻፍኩት ላሳያችሁ፦

«በሩ ላይ ባናውን ጋረደች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች። ነፋሱ ከጉብታው ማዶ ተነሣ፤ የሣር ክዳኑን ሲያንሾካሹክ ሰማች። ያኔ መጁን ገፋች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። ነፋሱ ሲያርፍ እሷም እጇን አሳረፈች፤ ዱቄቱ መጁ ሥር እንደታፈነ ትንፋሽ ቀረ። እንደገና ነፈሰ፤ እንደገና ገፋች። ሌሊቱን ሙሉ ተነጋገሩ፤ እሱ ሲናገር እሷ ትፈጫለች፣ እሱ ዝም ሲል እሷ ታዳምጣለች። ለዶሮ ጩኸት ጥቂት ሲቀረው አንድ አቁማዳ ሞላ።»

እዚህ ውስጥ «ሀገር» የሚል ቃል የለም። ነፋሱ ግን ወገን ሆኗል፤ የቦታው አየር ራሱ ከእሷ ጋር ተሰልፏል። ሰውኛ ዘይቤ ስሙ ሳይጠራ የሚሠራው እንዲህ ነው። በዚህ ቁራጭ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ ምን እንደደረሰበት እነግራችኋለሁ።

አምስተኛ፦ ታሪኩን አትሳቱ

ዘይቤው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዓድዋ ላይ አውሮፕላን ካበረራችሁ ሁሉም ይፈርሳል። አትሳቁ፤ ተጽፎ አይቻለሁ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የተወጋነው ከአርባ ዓመት በኋላ በመጣው ወረራ ነው። ስለ ዓድዋ የምትጽፉ የሰሜን ሸዋ ልጆች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ዐፄ ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፤ አንኮበርም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት መቀመጫቸው ነበረች። ስለ አምስቱ ዓመት ከጻፋችሁ ደግሞ እነ ኃይለ ማርያም ማሞና እነ ራስ አበበ አረጋይ የተዋጉት እናንተ በምታውቁት ጋራና ሸለቆ ነው።

ምክሬ ግን እውነተኞቹን ሰዎች ከበስተጀርባ አስቀምጧቸው የሚል ነው። ስማቸው በወሬ ይምጣ፤ «አበበ አረጋይ በዚህ አልፈዋል አሉ» ይባል። በአፋቸው ያላሉትን ንግግር አታስገቡ፤ ያልሞቱበትን ሞት አትግደሏቸው። የፊት ወንበሩን ለፈጠራችኋት ሴት ልቀቁላት።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ዘይቤ ጭራሽ ባይነካ ይሻላል። በ1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር እዚሁ ሰሜን ሸዋ ባለው በዘረት ዋሻ የተጠለሉትን ሰዎች በመርዝ ጋዝ አጠቃ። አርበኞች ብቻ አልነበሩም፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን አብረው ነበሩ። ስለዚህ የሚጻፉ ታሪኮች «ጭሱ እንደ ዘንዶ ተሳበ» ይላሉ። ዘንዶው ምን ሊጨምር መጣ? የሆነው ነገር ከዘንዶ ይከፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ስትደርሱ ዓረፍተ ነገራችሁን አሳጥሩ፤ ዋሻው ውስጥ ያለችው እናት ያየችውን፣ የሰማችውን፣ የያዘችውን ብቻ ጻፉ። «የልጇን አፍ በነጠላዋ ሸፈነች። ነጠላው እርጥብ ነበር።» ከዚህ በላይ ማስጌጥ ነውር ይመስለኛል።

ስድስተኛ፦ ጠላትን አውሬ አታድርጉ

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ። ወታደሩን ጅብ፣ ባንዳውን ውሻ ብላችሁ ስትጽፉ ለገጸ ባሕርያችሁ ውለታ አትውሉም፤ ውሻ የሸወደች ሴት ምን ያስደንቃል? ወታደሩ ብርድ የማያውቅ፣ እናቱ የምትናፍቀው ልጅ ይሁን። ባንዳው የጎረቤት ልጅ ይሁን፤ በልጅነቷ ጓሳ ሲያጭዱ አብሯት የዋለ። ያኔ መፍጨቷ ይከብዳል፤ ይከብርማል። ደግሞም ሀገር መውደድን ጎረቤት በመስደብ የሚገልጽ ዘይቤ ዛሬ ካለብን ላይ ሌላ ጭነት ነው፤ እኔ ጋ ሲመጣ ሳላነብ እመልሰዋለሁ።

ጓሳን ካነሣን አይቀር፦ ሀገር መውደድ ጦርነት ብቻ አይደለም። የመንዝ ሰው የጓሳውን ሣር ለዓመታት እየዘጋ፣ በወቅቱ እየከፈተ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲጠቀምበት ኖሯል። ቤቱ እያፈሰሰ፣ ሣሩ ከፊቱ ቆሞ፣ ቀኑ አልደረሰም ብሎ የማያጭድ ሰው ታሪክ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አልመጣም። እየጠበቅሁ ነው።

ሰባተኛ፦ ለሚያውቅ ሰው ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

ለጓደኛችሁ አታንብቡ፤ ጓደኛ «በጣም ያምራል» ይላል። ዕቃውን በእጁ ለያዘ ሰው አንብቡ። እኔ ታሪኬን ይዤ ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። እንዝርታቸውን እያሾሩ ሰሙኝ። የነፋሱን ቁራጭ ሳነብ ድምፄን እንኳ አሳምሬ ነበር። ስጨርስ ዝም አሉ። ከዚያ፦

«ልጄ፣ መቼ ቆላችው?» አሉኝ።

«ምኑን እማማ?»

«ገብሱን ነዋ። በሶ ነው የምትፈጨው አላልክም? ያልተቆላ ገብስ በሶ አይሆንም። የሚቆላ ገብስ ደግሞ ሽታው ሰፈር ያዳርሳል። ነፋሱ ድምጿን ሸፈነላት አልክ። ሽታውንስ? ያው ነፋስ አይደል ወስዶ ምሽጉ ላይ የሚያደርሰው?»

ለሦስት ሳምንት የተኩራራሁበት ወገን የሆነ ነፋስ በአንድ ጥያቄ ባንዳ ሆነ። ቤቴ ተመልሼ ታሪኩን አገላበጥኩት። ሌሊት ልትቆላ አትችልም። ቀን ብትቆላም ሽታው ይወጣል። ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ መደበቁን ተውኩት፤ ሽታው ይድረሳቸው አልኩ። አሁን ታሪኩ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦

«እኩለ ቀን ላይ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ገብስ ቆላች። ሽታው ጉብታውን ሲወጣ በዓይኗ የተከተለችው ይመስል ቀና ብላ ታይ ነበር። ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱ ወታደሮች እየሳቁ ወረዱ። በሁለት እጇ ዘግና ቆሎ ሰጠቻቸው፤ እየቆረጠሙ ተመለሱ። በምጣዱ ላይ የቀረውን ለሌሊት አስቀመጠችው።»

እማማ ይህንን ሲሰሙ እንዝርቱን አቆሙና «ጨውም ታድርግበት» አሉ።